ቬሲ በነበርን ጊዜ

አሁን ሁሉም ሰው ቪሲጎት ይለናል። የምዕራብ ጎቶች ማለት ነው አሉ። ቄሱም፣ ነጋዴውም፣ ግብር ሰብሳቢውም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ይባስ ብሎ የገዛ ወገኖቼ ራሳቸውን እንደዚያ መጥራት ጀምረዋል ሲሉ ሰማሁ። አባቴ ይህን የመጨረሻውን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ሆነ። ቢሰማ ኖሮ መጥረቢያውን ይዞ ከመቃብሩ ይነሣ ነበር።

እኛ ምዕራብ አልነበርንም። ቬሲ ነበርን። እኔ አሁን አሮጊት ነኝ፤ ጥርሴም ዓይኔም ጥሎኝ እየሄደ ነው። ይህን ግን ማንም አያስረሳኝም።

አባቴ ፍሮይላ ጋሪ ሠሪ ነበር። ቤታችን ሮን ወንዝ ዳር፣ ከአርል ከተማ ትንሽ ወደ ላይ፣ በስተ ምዕራብ ባለው ዳርቻ ነበረች። ይህችን «በስተ ምዕራብ» የምትል ቃል ግን በኋላ ላይ በአባቴ ፊት የሚናገር አልነበረም፤ ሁሉም «ወይኑ ባለበት በኩል» ይል ነበር። ከቤቱ ጎን ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው መሥሪያ ነበረው። በአራተኛው በኩል ወንዙ ይታያል። የጋለ የብረት ቀለበት በአዲስ መንኮራኩር ላይ አጥልቆ ውኃ ሲያፈስበት ብረቱ ይንጫጫል፣ እንጨቱ ይንቋቋል፣ ጭሱና እንፋሎቱ ተደባልቆ ቤቱን ይሞላዋል። እናቴ «ልብስ አጥቤ ነበር እኮ!» እያለች ከጓሮ ትጮሃለች። ያ ሽታ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል፤ ስነቃ ሆድ ይብሰኛል።

በቤታችን እራት ከመበላቱ በፊት ጥያቄ ነበረ። ሾርባው ቀርቦ፣ ማንኪያችንን ይዘን እንጠብቃለን። አባቴ ጢሙን ጠርጎ ይጀምራል።

«ማን ነን?»

«ቬሲ!» እላለሁ።

«ቬሲ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥሩዎቹ! ደጋጎቹ!»

«ማን አለ?»

«እኛው!»

«እኛው ካላልን ታዲያ ማን ይበለን? ፍራንኮች?»

እናቴ ራኒሎ ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ ትገባለች። «ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ደጉ ሰውዬ» ትለዋለች። አባቴም ይስቅና እንበላለን።

ጥያቄው የተጀመረው በጋሪ ላይ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ፍራንኮች ንጉሣችንን ገድለው ቱሉዝን ያዙ። አባቴ ከዚያ ጦርነት በአንድ ጆሮው ደንቁሮ ተመለሰ። እናቴንና እኔን በራሱ እጅ በሠራው ጋሪ ላይ ጭኖ ወደ ፀሐይ መውጫ ነዳን። መንገዱ ሁሉ እንደ እኛ በሸሸ ሰው ሞልቷል። ልጆች ያለቅሳሉ፣ ላሞች ይጮሃሉ። እኔም ቤቴን ብዬ ማልቀስ ስጀምር አባቴ ከበሬዎቹ ጎን እየሄደ «ሂልዶአራ፣ ማን ነን?» አለኝ። አላወቅሁም። «ቬሲ ነን» አለኝ። «ጥሩዎቹ ማለት ነው። አያቶቻችን ዳኑብ ወዲያ ማዶ ሳሉ ቴርቪንጊ ይባሉ ነበር፤ የጫካ ሰዎች። ጫካውን ተውነው። ቱሉዝንም ተውነው። ስማችን ግን ጋሪ አይፈልግም፤ ይዘነው እንሄዳለን።» ሮን ዳር እስክንደርስ ድረስ ይህንኑ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም አለቀስኩ ማለት አልችልም፤ መልስ ስሰጥ ነው የከረምኩት።

ፍራንኮችን ገፍተው የመለሱልን ከኢጣሊያ የመጡ ጎቶች ናቸው። የእነርሱ ሽማግሌ ንጉሥ ራቬና ተቀምጦ እነርሱንም እኛንም ያስተዳድር ነበር፤ የእኛ ንጉሥ ልጅ ስለነበረ። እነዚያ ወታደሮች በዚያው ቀሩ። ቋንቋቸው ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ አንዳንዱን ቃል ብቻ እንደሚያዛጋ ሰው ይስቡታል። ጸሎታቸው የእኛ ጸሎት ነው። ከእኛ ሴት ልጆች አገቡ፣ የእኛም ወንዶች እኅቶቻቸውን አገቡ። ማን የማን እንደሆነ ለመለየት የሚጨነቅ አልነበረም፤ ከአባቴ በስተቀር።

ባሌ ጉንዲላ ከእነዚያ ወታደሮች አንዱ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣው ለጋሪ ነው። የጦር ሰፈሩ ስንቅ ጋሪ ተሰብሮበት ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ስለነበር መንኮራኩሩን ለአባቴ የምይዝለት እኔ ነኝ። እሱም ቆሞ አባቴ ስለ ስማችን የሚያወራውን አንድ ሙሉ ከሰዓት ሰማ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦

«አባባ፣ ቬሲ ማለት ጥሩ ማለት ከሆነ ዋጋውንም ጥሩ ያድርጉልኛ።»

«ጥሩ ነን አልኩህ እንጂ ሞኝ ነን አልኩህ?» አለው አባቴ።

ሳቅኩ። እሱም እኔን አየና ያ ጋሪ በዚያ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ እግዚአብሔር ይወቅ። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እያጉረመረመ ተቀበለ። «ቁመቱ ጥሩ ነው» አለኝ። «ወገኑ ግን ፀሐይ መውጫ ነው። እስቲ በጠዋት የሚነሣ ከሆነ አግቢው።» በጠዋት የሚነሣ ሰው አልነበረም። አገባሁት። ቤታችን ገባ፤ ሊዮባ የምትባል ልጅም ወለድን።

የዚያን ጊዜ እራታችን ደስ ይል ነበር። አባቴ ሊዮባን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥያቄውን ይጠይቃታል። እሷም ገና አፏን ሳትፈታ «ቬቺ!» ትላለች። ጉንዲላ ከወዲያ «እኛም እኮ ስም አለን፤ የፀሐይ መውጫ ጎቶች ነን፣ የምናበራ» ይላል። አባቴ «አዎ፣ ዓይን ታሳምማላችሁ» ይለዋል። ልጅቷ ሁለቱ ሲስቁ አይታ ትስቃለች።

አንድ ቀን ጉንዲላ ከአርል ጦር ሰፈር ሲመለስ ይህን «ቪሲጎት» የሚሉትን ቃል ይዞ መጣ። ራቬና ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ ጎቶች የሚጽፍ አንድ የተማረ ሮማዊ አለ፤ እሱ ነው ለሁለት የከፈለን፣ እነርሱ የምሥራቅ እኛ የምዕራብ ተብለናል አለ።

አባቴ የያዘውን መሮ አስቀመጠ። «ከምን ወደ ምዕራብ?»

«ከእኛ ነዋ» አለ ጉንዲላ ፈገግ ብሎ።

«አያቶቼ ዳኑብን ሲሻገሩ የእናንተ አያቶች የት ነበሩ? የእኛን ቬሲ ወስዶ ምዕራብ አደረገው? ሰውየው የእኛን ቋንቋ ያውቃል?»

«ሮማዊ ነው አልኩዎት እኮ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ገባኝ። የእናንተን ስም ሰማ፤ ፀሐይ መውጫ የሚል አለበት። ጥንድ ሲያጣለት እኛን ጠመደን። አንዱን በሬ አይቶ ሁለተኛውን ከራሱ የሚፈጥር ሰው ጋሪ አያውቅም ማለት ነው!»

በጋራ ግንብ የምንዋሰነው ጎረቤታችን ዴሲዴርዮስ ይህን ከወይን ሥፍራው ሆኖ ሰማ። ሮማዊ ነው፤ እኛ ስንመጣ ከእርሻው ከግማሽ በላይ ተቆርሶ ለእኛ ተሰጥቷል፣ ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሣው ውሎ አያውቅም።

«እኔን ብትጠይቀኝ ሁላችሁም ያው ጎት ናችሁ» አለ በግንቡ ላይ አንገቱን አስግጎ። «ምዕራቡ እርሻዬን ወሰደ፣ ምሥራቁ ወይኔን ጠጣ።»

«ምዕራብ አትበለኝ!»

«እሺ፣ ጥሩው ሰው እርሻዬን ወሰደ። አሁን ተስማማህ?»

አባቴ መሮውን አንሥቶ ወደ ሥራው ዞረ። 

ያ የራቬና ሽማግሌ ንጉሥ የሞተው የወይን ለቀማ ሊደርስ ሲል ነው። ሁለቱ የልጅ ልጆቹ እንደ አባት ቅርስ ተካፈሉን፤ አንዱ የእኛ ንጉሥ፣ አንዱ የእነርሱ። ሮን ወሰን ሆነ። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆሞ ሲናገር እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ማንኛውም ጎት ወደየንጉሡ ይመለስ አለ። ባልና ሚስት ከሁለቱ ወገን የሆኑ እንደሆነ ግን ምርጫ አላቸው፤ ባል ሚስቱን ተከትሎ ከወገኗ ይደባለቅ፣ ወይም ሚስት ባሏን ተከትላ ትሂድ፤ ማንም አያስገድዳቸውም። ከመረጡ በኋላ ግን መመለስ የለም። ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ።

ቤት ስደርስ ሁለቱም ሰምተዋል። አባቴ መሥሪያው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጉንዲላን ወደ ወንዙ ዳር ወሰድኩት።

«ምን ታስባለህ?»

«እናቴ ኢጣሊያ፣ ቲቺኖ ላይ ብቻዋን ናት» አለኝ። «ዓይኗ ጠፍቷል አሉ። ስወጣ በዚህ በበጋ እመለሳለሁ ብያት ነበር። አሁን ጢሜ ሸብቷል።»

«አባዬስ?»

«ይምጣና።»

«አይፈቀድለትም። የእሱ ሚስት ሞታለች፤ ብቻውን ያለ ሰው ከወገኑ ነው የሚቀረው። ደግሞስ ቢፈቀድለት፣ አባዬ? አባዬ የምሥራቅ ነኝ ብሎ ሊምል?»

ሁለታችንም በዚህ ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። የአባቴ እጅ ከሁለት ክረምት ወዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንኮራኩሩን እኔ ካልያዝኩለት ዘንጉን በቀዳዳው ማስገባት አይችልም። ሾርባውን እንኳ ጎድጓዳውን ሳህን አጋድዬ ነው የምሰጠው። እሱን በዚያ ቤት ብቻውን ትቼ መሄድ ማለት ክረምቱ ይግደለው ማለት ነው። ጉንዲላን «እዚህ ቅር» ማለት ደግሞ ዓይነ ስውር እናቱን ከፊቱ ቆርጬ መጣል ነው። ባሌን እወደው ነበር። ይህን የምለው አሁን ስለሞተ አይደለም፤ በሕይወቱም እነግረው ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረ። እራት ላይ፣ ዓይኑን ከዳቦው ሳያነሣ፣ «ይቅር እንጂ። ቬሲ ይሁን። ማን ከለከለው?» አለ።

«ለእናቴስ ማን ልጅ ይሁንላት፣ አባባ?» አለ ጉንዲላ ቀስ ብሎ።

አባቴ ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄውን ተወው። ሾርባው ይቀርባል፣ እሱ ወዲያው ማንኪያውን ያነሣል። ሊዮባ ግራ ገብቷት «አያዬ፣ ማን ነን አትለኝም?» አለችው። «ብይ፣ ሾርባሽ ይቀዘቅዛል» አላት። የእናቴ ቃል ነበር።

የምርጫው ቀን ጠዋት ለጉንዲላ ነገርኩት። «እኔ ከአባዬ ጋር እቀራለሁ። አንተ ወደ እናትህ ሂድ። ልጅቷ ከእኔ ጋር ትሁን።» አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ የሊዮባን ጫማ ማሰር ጀመረ፣ አሠረው፣ ፈታው፣ እንደገና አሠረው። ፊቱን አላየሁትም። አባቴን ፈልጌ አጣሁት፤ ቀድሞን ወጥቷል።

ወንዙ ዳር አገር ምድሩ ተሰብስቧል። ጀልባዎቹ ተደርድረዋል። ከወዲያኛው ንጉሥ የተላከ አንድ ጉንፋን የያዘው ሹም፣ ከእኛ በኩል ደግሞ ከናርቦን ገና መምጣቱ የሆነ ልጅ እግር ሹም በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አባ ዊሊያ ወንጌሉን ይዘው ቆመዋል፤ የሚመርጥ ሰው እጁን በዚያ ላይ አድርጎ ወገኑን በስም ጠርቶ ይምላል። ጎረቤቶቻችን ነበሩ የሚምሉት። የነጋዴው ሚስት እያለቀሰች ምሥራቅ አለች። ቀይ ጢም ያለው የፈረስ ጠባቂ ከሚስቱ ጋር ቀረ፤ ጓደኞቹ ከጀልባው ላይ ሆነው «ፈሪ! አማትህን ፈርተህ ነው!» እያሉ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። በቬሲ ስም የማለ አንድም ሰው አልነበረም። ሹሞቹ «ምሥራቅ ወይስ ምዕራብ?» ነው የሚሉት፤ ሰዉም የቀረበለትን ያነሣል።

የእኛ ስም ተጠራ። ጉንዲላ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ሊዮባን ይዘን ቀረብን።  እጄን ወደ ወንጌሉ ዘረጋሁ።

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ» አለ ከኋላዬ ድምፅ።

አባቴ ነው። የፋሲካ ልብሱን ለብሷል፤ የመሣሪያ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

«አንተን አልጠራንህም» አለው የእኛ ሹም።

«አውቃለሁ። ረስታችሁኝ ነው። እኔም ምርጫ አለኝ።»

«ሚስት አለህ?»

«ሞታለች።»

«የሞተ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«የእኔዋን አታውቃትም» አለ አባቴ። «በሕይወት ሳለችም እሷ ነበረች የምትመርጥልኝ።»

ሰው ሳቀ። ጉንፋናሙ ሹም አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «የምሥራቅ ሴት ነበረች ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ከየት?»

«ከቬሮና።»

«ቬሮና ከየት በኩል?»

«ከወንዙ አጠገብ» አለ አባቴ። ቬሮና ወንዝ ይኑራት አይኑራት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ወንዝ የሌለው ከተማ የለም ብሎ ነው።

ሳቁ ቆመ። በዚያ የቆመ ጎት ሁሉ እናቴን ያውቃታል። ራኒሎ ቱሉዝ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የተወለደችው። ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ያለፈችው አንድ የዳቦ ቤት ብቻ ነው። ሮንን አንድም ቀን ተሻግራ አታውቅም፤ ጀልባ ስታይ ያጥወለውላታል። አባቴ ደግሞ ይህችኑ ሴት ከጫካው ጀምሮ የጠራች ቬሲ ናት እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያሰለች የኖረ ሰው ነው። አሁን በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሞ ከቬሮና አመጣት። ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና በከረጢቱ ማንገቻ ውስጥ ሸሸገው።

«ምስክር አለህ?» አለ የእኛ ሹም።

አባቴ ይህን አላሰበበትም። ወደ ሰዉ ዞረ። የሚያየው ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ በወንጌል ፊት ነውና ማን ደፍሮ ይዋሽ። እኔም አፌን ልከፍት ስል ጉንዲላ እጄን ጨመቀኝ።

«እኔ አለሁ» አለ ዴሲዴርዮስ። ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጣ፤ እጁ በወይን ጭማቂ እስከ ክንዱ ድረስ ተነክሯል። «ጎረቤቷ ነበርኩ። የምሥራቅ ሴት ናት።»

«አንተ ሮማዊ አይደለህም እንዴ? ጎትን ከጎት በምን ትለያለህ?»

«አልለይም። ሁላችሁም ለእኔ እንደሚጨቃጨቁ ዝይዎች ናችሁ። እሷ ስትናገር ብቻ ነበር አንድ ነገር የሚገባኝ። ታዲያ የተለየች ካልሆነች ምንድን ናት?»

በኋላ ሰዎች እርሻው እንዲመለስለት ነው የመሰከረው አሉ። ይበሉ። እኔ ፊቱን አይቻለሁ።

ጉንፋናሙ ሹም ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ ይህችን ሴት የቀበሩ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ዊሊያ።

«እንግዲያው በያዙት ወንጌል ይንገሩኝ። ሴትየዋ ምንድን ናት?»

አባ ዊሊያ በሕይወታቸው አንድ ውሸት የተናገሩ ሰው አይደሉም። ወንዙን አዩ። አባቴን አዩ። እኔንና ሊዮባንም አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው የቀበርኳት» አሉ።

የማንም ክርስቲያን ሬሳ እንደዚያ ነው የሚቀበረው። ሹሙ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። አባ ዊሊያን ለረጅም ጊዜ አያቸው፣ አባቴን አየው፣ ከረጢቱን አየ። ሦስታችንን አየን። «ቤተ ክርስቲያን ከመሰከረች እኔ ምን አገባኝ» አለ። «ይማል።»

አባቴ ቀረበ። ያን የሚንቀጠቀጥ እጁን ወንጌሉ ላይ አደረገው፤ አባ ዊሊያም የእርሳቸውን እጅ በላዩ አደረጉለት፣ መንቀጥቀጡ እንዳይታይበት።

«እኔ ፍሮይላ» አለ። እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። አልቻለም ብዬ ነበር። «እኔ ፍሮይላ የምሥራቅ ጎት ነኝ። ሚስቴም የምሥራቅ ነበረች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሂልዶአራ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ተራሽ ነው» አለኝ።

ማልኩ። ምን ብዬ እንደማልኩ አላስታውስም፤ እያለቀስኩ ነበር። ጉንዲላ ወደ ጀልባው ሲያወጣው አባቴ «ከረጢቱን ቀስ ብለህ! መሮዎቹን ታደንዝብኛለህ!» እያለ ይቆጣል። የሚያነጋግረው ሰው እንዳይኖር ነበር የሚቆጣው፤ አውቀዋለሁ።

ጀልባው ከዳር ሲለቅ ዴሲዴርዮስ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጮኸ። «እርሻዬን አርሰዋለሁ! ሰማህ?»

«እረስ!» አለ አባቴ ዞር ሳይል።

«የራኒሎንም መቃብር አርማለሁ!»

አባቴ እጁን ብቻ አነሣ። ማውረድ አቅቶት እንደተነሣ ቆየ፤ እኔ ነኝ ይዤ ያወረድኩለት።

ወንዙ መሐል ስንደርስ ጉንዲላ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ለእኔ ብለው…» ብሎ ጀመረ። 

«ዝም ብለህ ቅዘፍ» አለው አባቴ። «ለአንተ ብዬ አይደለም።»

«አባዬ፣ እማዬ ግን…» አልኩ።

«ትጮህብኛለች» አለ። «ስንገናኝ ትጮህብኛለች። ይገባታል።» ከዚያ ፊቱን በሊዮባ ፀጉር ውስጥ ቀበረ። ልጅቷ እየኮረኮራት መስሏት ሳቀች።

ቲቺኖ ላይ ስድስት ዓመት ኖረ። የጉንዲላን እናት በክንዷ ይዞ ወደ ገበያ ይወስዳት ነበር፤ እሷ ዓይን የላትም፣ እሱ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይሰማል። መንኮራኩር እኔ እየያዝኩለት ይሠራ ነበር። ስለ ቬሲ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ምሥራቅም አልተናገረም። የማለበትን አንድ ጊዜ ብሎታል፤ ሁለተኛ በአፉ አልጨመረውም።

አዲስ አገር ነውና ሰው ይጠይቃል። ጋሪ ሊያሠራ የሚመጣው ሁሉ የአነጋገሩን ለየት ማለት ሰምቶ «አባባ፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?» ይለዋል። አባቴም ከሥራው ቀና ሳይል «የሂልዶአራ አባት ነኝ» ይለዋል። ሰዎቹ እየቀለደ መስሏቸው ይስቃሉ። እሱ ግን አይስቅም ነበር።